የአባታችን ቆዳ

የካቲት 4፣ ሰኞ

የቆዳ ሐኪሟ ጻፍ ብላኝ ነው የምጽፈው። "ምን ሲበሉ፣ ምን ሲያስጨንቅዎት፣ ምን ሲቀቡ እንደሚብስ ያስተውሉና ያስፍሩት" አለችኝ። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ ግን ስትናገር ሰው ያዳምጣታል። ክርኔን፣ ጉልበቴን፣ የራስ ቅሌን፣ ጀርባዬን አንድ በአንድ አየች። ጓንት ታጠልቃለች ብዬ ስጠብቅ በባዶ እጇ ነካችኝ። ከዚያ የደም ግፊቴን ለካች። አላመነችውም መሰለኝ፣ ደግማ ለካች።

"ሶሪያሲስ የቆዳ ብቻ ሕመም አይደለም" አለችኝ። "ቤተሰብዎ ውስጥ የልብ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?"

"የለም" አልኳት።

አባቴም ቆዳቸው እንደኔው ይላጥ ነበር። የሞቱት ግን በልብ አይደለም፤ በድንገት ነው። ጨጓራ ነበረባቸው እንጂ ልባቸው ደህና ነበር።

ቅባት አዘዘችልኝ፤ የደም ምርመራም አዘዘች። ቅባቱን ገዝቻለሁ። ምርመራው ይቆየኝ። ልሰፋለት የተቀበልኩት የሙዚቃ ጓድ ልብስ ሳያልቅ ከመቀሴ የሚለየኝ የለም። ሁሉም ጥቁር ሱፍ፣ ሁሉም ባለ ገበር። ሌላ ቀለም ቢመርጡ ምን ነበረበት?

የካቲት 7፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ልኬት። የሙዚቃ ጓዱ መሪ ኮቱን ለብሶ መስታወት ፊት ቆመ። ትከሻው ልክ ገባለት፤ ደስ አለው። ከዚያ ከኮሌታው ላይ ነጭ ነገር በሁለት ጣቱ አነሳና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው።

"ይሄ ምንድን ነው? የሚሰፋው ሰው ፎረፎር አለበት እንዴ?"

ጠመኔዬን መፈለግ ጀመርኩ። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። መሪው ዞር ብሎ ካውያን አየው።

ካውያ ልብስ የሚተኩስልን ሰው ነው። ቶሎ ስለሚግል ነው ስሙን ያወጣንለት፤ እውነተኛ ስሙን ሚስቱም የረሳችው ይመስለኛል። ዛሬ ግን አልጋለም። መሪው እስኪወጣ ጠበቀና ቆቡን አውልቆ መላጣውን አሳየኝ።

"አለቃ፣ እዚህ ላይ ፎረፎር ካገኘህ እኩል እንካፈላለን።"

ተሳሳቅን። "የኔ ነው" ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል። አፌን ምን ያዘው?

የካቲት 13፣ ረቡዕ

ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጣ የፈተና ወረቀት ታርማለች፤ ሒሳብ አስተማሪ ናት። እኔ የልጃችን ክፍል ውስጥ ነኝ። ልጅቱ ሥራ ይዛ ከወጣች ወዲህ ክፍሉ የኔ ሆኗል። መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ነበር ያልኩት፤ ሌሊት ሳክ እንዳልቀሰቅሳት፣ አንሶላው ላይ የሚቀረውንም እንዳታይ። እሷ እስክትነሳ አንሶላዬን አራግፌ፣ ወለሉን ጠርጌ እጨርሳለሁ። "እንዳንተ በማለዳ የሚጠርግ ባል የታደለች የለችም" እያለች ድሮ ትቀልድብኝ ነበር። አሁን አትቀልድም።

ዛሬ ስገባ ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራ ነበር፤ መምጣቴን አልሰማችም። "ለምጄዋለሁ" አለች። "ሰው አብሮ እየኖረም ይለያያል። አንድ ቤት የተከራዩ ሁለት ሰዎች ነው የሚመስለው።"

ማንን እንደምታማ አላወቅሁም። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቶቻችንን ይሆናል፤ ሰሞኑን አልተስማሙም። በሩ ላይ ጫማዬን ድምፅ አሰምቼ አወለቅሁ። ስልኩን ዘጋች።

እራት ላይ፣ "ጀርባህን ማን ይቀባልሃል?" አለችኝ።

"እደርስበታለሁ።"

አልደርስበትም። የማስመሪያዬ ጫፍ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምቀባው። መሃል ጀርባዬ ላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ይቀራል። ዕድሜ ልኩን የሰው ጀርባ ሲለካ የኖረ ሰው የራሱ ሲሆን አያውቀውም።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ

በጥድፊያ። ገበሩ አጠረ፣ እንደገና ተገዛ። ማሽኑ ክር ይበጥሳል። ሱቃችን ፎቅ ላይ መሆኑ ዛሬ ታወቀኝ፤ ጥቅል ጨርቅ ተሸክሜ ደረጃው መሃል ደረቴ ከበደኝ። ያረፍኩ እንዳይመስል ሲጋራ ለኮስኩ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ለምን ቆምክ አይባልም።

ጨጓራ ነው። ምሳ በሰዓቱ አልበላሁም።

የካቲት 23፣ ቅዳሜ

ወንድሜ መጣ። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መምጣቱን የምናውቀው ሰፈሩ መንገድ ተዘጋብን ብሎ ሲጮህ ነው። ታናሼ ነው፤ ከአባታችን ርስት አልደረሰንም፣ ቆዳውን ግን እኩል ተካፍለናል። እሱ በሱ አያፍርም። በካናቴራ ይነዳል፤ የጠየቀውን ሁሉ "ዓሣ ነኝ" ይለዋል።

ዛሬ ግን ክርኑ ለስላሳ ነበር።

"ምን አደረግኸው?"

"ኪኒን። ጥቂት ቀን ወሰድኩ፣ የሕፃን ገላ ሆንኩ። ላንተም ይዤልሃለሁ፣ ጋሼ።"

"ማን አዘዘልህ?"

"ፋርማሲ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ።"

"ሐኪም ነው?"

"ከሐኪም ይበልጣል፤ ወረፋ የለውም።"

ባለቤቴ ሳህን እያነሳች፣ "ያችን ሐኪም ሳትጠይቅ ባትውጠው" አለች። ወንድሜ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ሁለተኛው ልኬት ደርሷል። ኮሌታው ላይ ምንም እንዳይወድቅ እፈልጋለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ጠፋ። በእውነት ጠፋ። ክርኔ ላይ የቀረው ትንሽ መቅላት ነው። ጠዋት ተነስቼ አንሶላውን ባራግፈው የወደቀ የለም፤ ሞኝ ይመስል ደግሜ አራገፍኩት።

ሁለተኛው ልኬት ያለ እንከን አለቀ። መሪው ኮሌታውን መረመረ፣ የሚያነሳው አላገኘም።

ማታ አጭር እጅጌ ሸሚዝ ለብሼ ሳሎን ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ወረቀቷን አስቀምጣ ክርኔ ላይ እጇን አኖረች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ወረቀቷን አንስታ ማረሟን ቀጠለች፤ በአንድ እጇ።

መጋቢት 8፣ እሑድ

እንቅልፍ ጠፍቷል። ፊቴ አብጧል፤ ካውያ "ኑሮ ተስማማህ፣ ወፈርክ" ይለኛል። ጭንቅላቴን ይወቅረኛል። የሐኪሟ ቀጠሮ አልፏል። ቆዳዬ ድኖ ሳለ ሄጄ ምን ልበላት? ይቺ ሴት ደግሞ ደም ካላየች አትለቅም።

ደረጃው አሁንም ከባድ ነው። ጨጓራ።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

ኪኒኑ አለቀ። ወንድሜ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ አይሠራም።

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ያልነበረበት ቦታ ሁሉ ወጣ። ሆዴ፣ ጭኔ፣ መዳፌ ሳይቀር። ቀይ ነው፣ ይነድዳል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል። መርፌ ስይዝ ጣቴ ይሰነጠቃል፤ ጥቁር ሱፍ ላይ ደም አይታይም፣ ያ ነው ብቸኛው በጎ ነገር።

የልጃችንን ክፍል በር ከውስጥ ቆልፌያለሁ። ባለቤቴ አንዴ አንኳኳች። "ልተኛ ነው" አልኳት። ከበሩ ጀርባ ቆማ ቆየች፤ ጥላዋ በበሩ ሥር ይታየኝ ነበር። ከዚያ ሄደች። ምናለ ብከፍት? ተነስቼ እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ነበር።

መጋቢት 19፣ ሐሙስ

ሐኪሟ ጋ ሄድኩ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የኪኒኑን ባዶ ማሸጊያ አገላብጣ አየችው።

"ኮርቲዞን ነው። ለጊዜው ያጠፋዋል፤ በድንገት ሲቆም ብሶበት ይመለሳል። ግፊትም ከፍ ያደርጋል። ማን አዘዘልዎት?"

"ወንድሜ።"

"ሐኪም ነው?"

"ሹፌር ነው።"

ልትስቅ ነበር። ግፊቴን ስትለካ ሳቁ ከፊቷ ጠፋ።

ወንበሯን አስጠግታ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ቆዳዬ ላይ የማየው መቆጣት ቆዳዬ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ሰውነት ውስጥም አለ፣ የደም ሥርንም ይጎዳል። እንደኔ ሰፊ ቦታ የተያዘበት ሰው በልብ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ግፊት ሲጨመርበት፣ ኮሌስትሮል ሲጨመርበት፣ ሲጋራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ሲጋራ አጨሳለሁ ብዬ ነግሬያት አላውቅም። ጣቶቼን ነው ያየችው።

"አባትዎ እንዴት ነበር የሞቱት?"

"በድንገት።"

"ድንገት ማለት? ያን ዕለት ምን ይሉ ነበር?"

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያስሩ ነበር አልኳት። አላባቸው። ደረታቸውን ይዘው "ይሄ ጨጓራዬ ተነሳብኝ፣ ሙቅ ውኃ ስጡኝ" አሉ። ውኃው ሳይሞቅ አለፉ።

"ስንት ዓመታቸው ነበር?"

ስነግራት የገዛ ዕድሜዬን የተናገርኩ መሰለኝ። ከዛሬው ዕድሜዬ በአንድ ዓመት ብቻ ነበር የሚበልጠው። እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

"እርስዎስ? ደረጃ ሲወጡ ይሰማዎታል?"

"ጨጓራ አለብኝ" አልኩ። አፌ ነው ያለው።

ዛሬውኑ የልብ ሐኪም ጋ እንድሄድ ወረቀት ጻፈችልኝ። ማክሰኞ ልብሱን ላስረክብና ብላት "ማክሰኞ ሩቅ ነው" አለች። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩ። ሱቅ ገብቼ የኮት ቁልፍ ቀዳዳ ሠራሁ።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። የፈተና ሰሞን ነው፣ ይበቃታል።

መጋቢት 22፣ እሑድ

እሑድም ሱቅ። ግራ መንጋጋዬን ያመኛል። ጥርስ መሆን አለበት። ከማክሰኞ በኋላ ጥርስ ሐኪም።

ካውያ፦ "አለቃ፣ ፊትህ አመድ መስሏል።"

እኔ፦ "የካውያህ እንፋሎት ነው።"

ሳቅ አላለም።

መጋቢት 29፣ እሑድ

ሆስፒታል ነኝ። ደብተሩን ባለቤቴ አመጣችልኝ፤ አላነበብኩትም አለች፤ አምናታለሁ። ብታነብም አይከፋኝም።

የሆነው እንዲህ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የመጨረሻዎቹን ኮቶች መስቀያ ላይ እየሰቀልኩ ሳለ አንድ ሰው ደረቴ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። ክንዴ ከደረቴ ጋር አብሮ ከበደ። ወንበር ፈለግሁ፣ መሬት ላይ ተገኘሁ። ኮቱን አልጣልኩትም፤ እንዳይቆሽሽ ከፍ አድርጌ ይዤው ነበር ይላል ካውያ። "ሙቅ ውኃ ስጠኝ" አልኩት። ይህን ስል የራሴን ድምፅ ሳይሆን የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

ካውያ ውኃ አልሰጠኝም። ካውያውን ነቀለ፣ እኔን እንደ ጥቅል ጨርቅ ትከሻው ላይ አድርጎ ያን ደረጃ ወረደ። እኔን የሚያህል ሸክም ይዞ የወረደ ሰው ያን ቀን ምን ያህል እንደጋለ ታክሲ ነጂው ይመስክር።

የልብ ደም ሥሬ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። በእጅ አንጓዬ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው ከፈቱት፤ እንዳይዘጋም ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስቀመጡበት። ነቅቼ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የራሴን ልብ አየሁ። ደም ሥሩ አንድ ቦታ ላይ ክር ያህል ቀጥኖ ነበር። ደግነቱ በጊዜ ደርሰዋል አለኝ ሐኪሙ። በጊዜ ያደረሰኝ እኔ አይደለሁም።

ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን አላናገረችኝም። ቁጭ ብላ ታየኛለች። በሁለተኛው ቀን ነርሷ ቅባቱን ይዛ ስትመጣ ተቀበለቻት። "ዙር" አለችኝ።

"ተይው፣ እጅሽ ላይ ይቀራል።"

"ዙር አልኩህ።"

ዞርኩ። ማስመሪያው የማይደርስበትን ቦታ ጭምር ቀባችው። እጇ ሞቃት ነበር። ፊቴ ወደ ግድግዳው መሆኑ በጀኝ።

"አንሶላህን ስታራግፍ ስንት ጊዜ ነቅቼ የሰማሁህ ይመስልሃል?" አለችኝ ከጀርባዬ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እስክትጠራኝ ነዋ። ከዚያ ጠላኝ ብዬ ደመደምኩ።"

"ያን ቀን ከእህትሽ ጋር በስልክ... ስለ ጎረቤቶቹ አልነበረም?"

"የትኞቹ ጎረቤቶች?" አለች።

ቀብታ ጨረሰች፣ እጇን ግን አላነሳችም።

ሚያዝያ 9፣ ረቡዕ

ቤት ነኝ። የልጃችን ክፍል ባዶ ነው።

ቆዳ ሐኪሟና ልብ ሐኪሙ ስለኔ በስልክ ተነጋግረዋል። አንዳንድ የልብ መድኃኒት ይህን ቆዳ ሊያስቆጣ ስለሚችል የሚስማማኝን መርጠው ነው የሰጡኝ። ለቆዳዬ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ኪኒን ጀምራለች፤ ከውስጥ የሚቆጣውን ያበርዳል። ጉበቴን እንዳይጎዳ ደሜ በየጊዜው ይታያል። አሁን ደም ስጥ ሲሉኝ እጅጌዬን ራሴ እሰበስባለሁ። እንደዚያኛው ኪኒን በቀናት አይጠፋም፤ ወራት ይፈልጋል አለች። ሲጋራው ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ከባለቤቴ ጋር እንራመዳለን፤ እሷ ትፈጥናለች፣ እኔ አላሳብባለሁ።

ካውያ ልብሱን በሰዓቱ አስረክቧል። ትናንት መሪው ሊጠይቀኝ መጣ። እንዲቀመጥ ጠየቅሁትና፣ "ኮሌታው ላይ ያየኸው የኔ ነበር" አልኩት። "ፎረፎር አይደለም፣ የቆዳ ሕመም ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም። ወደ ካውያ ዞረህ ያየህ ጊዜ ዝም ማለት አልነበረብኝም።"

"እኔም ልብስ ሰፊን በሰው ፊት እንዲያ መናገር አልነበረብኝም" አለ። ቀጥሎ ስለ ዝግጅቱ አወራን።

ስወድቅ ይዤው የነበረውን ኮት ማን እንደለበሰው ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት።

ሚያዝያ 17፣ ሐሙስ

ወንድሜ ደወለ። እስካሁን ለሱ የነገረው አልነበረም፤ መንገድ ላይ እያለ መንገር ፈርቼ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት።

"እኔ ነኝ የገደልኩህ" አለ።

"አልሞትኩም። ደግሞም ሐኪሙ እንዳለው ደም ሥሩ የጠበበው ዓመታት ፈጅቶ ነው። ኪኒኑ ጨመረበት እንጂ አልጀመረውም። የዋጥኩትም እኔ ነኝ፣ ተው የተባልኩትም እኔ ነኝ።"

"አሁን ያንን ኪኒን ትቻለሁ፣ ጋሼ። ብሶብኛል፤ መሪ ስይዝ ያመኛል።"

"ና እንታይ።"

"እኔ ደህና ነኝ። ጭነት አለብኝ።"

"ደረትህስ?"

"ሽቅብ ጎማ ስገፋ ነው እንጂ..." ብሎ አቋረጠ። የተናገረውን ራሱ የሰማው ይመስለኛል።

"ጭነቱን አራግፈህ በቀጥታ ና" አልኩት። "ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ። ልብ ሐኪሙ ሩቅ መንገድ ከልክሎኛል፤ ምርጫው ያንተ ነው።"

ዘጋሁት። ባለቤቴ፣ "ጨካኝ ነህ" አለችኝ። ደስ ያላት መሰለኝ።

ሚያዝያ 23፣ ረቡዕ

መጣ። መኪናውን የክሊኒኩ ደጅ ገትሮ ወረደ፤ እንዳይጠፋ እንደሚፈራ ልጅ ክንዴን ይዞ ገባ።

መጀመሪያ ቆዳ ሐኪሟ አየችው። "እርስዎ ነዎት ሐኪሙ?" አለችው። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ልብ ሐኪሙ ክፍል ገባን። ሸሚዙን አውልቆ አልጋው ላይ ተጋደመ፤ ደረቱ ላይ ሽቦዎቹን ሲለጥፉበት ጣሪያውን ያይ ነበር። ጎኑ፣ ክርኑ፣ ሆዱ፣ ሁሉም እንደኔው። ዕድሜ ልኬን ብቻዬን የተሸከምኩት ይመስለኝ ነበር።

"ውጭ ልጠብቅህ?" አልኩት።

"አይ፣ እዚሁ ሁን።" ጥቂት ቆይቶ፣ "አባባ እንዴት ነበር የሞቱት? እኔ ትንሽ ነበርኩ። ድንገት ነው ብላችሁ ነው ያሳደጋችሁኝ" አለ።

ነገርኩት። ጫማቸውን፣ ላባቸውን፣ የጠየቁትን ውኃ። ያን ውኃ እሳት ላይ የጣድኩት እኔ እንደነበርኩና እስኪሞቅ ቆሜ ስጠብቅ እንደነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ወንድሜ እጁን ሊዘረጋልኝ ሲል ነርሷ "አይንቀሳቀሱ" አለችው፤ ጣቱን ብቻ አነቃነቀ። ሄጄ ያዝኩት።

ሐኪሙ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት ረጅም ጊዜ አየ። ዛሬ የሚያስደነግጥ ነገር የለም አለ፤ ግፊቱ ግን በጣም ከፍ ብሏል፣ ስለ ጎማው የተናገረውንም አልወደደውም። ነገ ማሽን ላይ እያስሮጡ ልቡን ያዩለታል። እስከዚያ መንዳት የለም።

ወንድሜ ሸሚዙን ለበሰ። ተከራከረ፣ ለመነ፣ ቀለደ፤ ሐኪሙ ፊቱን አልፈታም። በመጨረሻ ደጅ ወጥተን መኪናው አጠገብ ስንደርስ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ለኔ ሰጠኝ።

መኪና መንዳት አልችልም፤ እሱም ያውቃል። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ ቀስ እያልን፣ እሱ ሲደክመው እኔ እየቆምኩ፣ እኔ ሲደክመኝ እሱ እየቆመ፣ በእግራችን ወደ ቤት ሄድን።